አጥር አለን፤ ጀፎረስ?

ከወልቂጤ መናኸሪያ ወደ እኛ የሚመጣ ሚኒባስ ረዳት ሲጣራ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? “ጉብሬ! ጉብሬ!” አይልም። “ግቢ! ግቢ! ሁለት ሰው ብቻ የቀረው!” ነው የሚለው። እኔ ልጅ ሆኜ ረዳቶቹ የሚጣሩት “እምድብር! እምድብር!” እያሉ ነበር። ጉብሬ የሚወርድ ሰው “ወራጅ አለ!” ብሎ ራሱ ነው መኪናውን የሚያስቆመው። ዛሬ ግን የመንገዱ ዋና ተሳፋሪ ተማሪ ነው፤ መጥሪያውም በተማሪው ተለወጠ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን አንድ ከተማ በስሙ መጠራቱ ቀርቶ “ግቢ” ተብሎ ሲጠራ ምን ማለት ነው ብዬ ራሴን መጠየቅ ከጀመርኩ ቆየሁ። ይህችን ጽሑፍ የወለደውም ይኸው ጥያቄ ነው።

እኔ የዚሁ የጉብሬ ልጅ ነኝ። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ገና ፊደል እየቆጠርኩ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ መንገድ ዳር ቆመን አሸዋና ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ እንቆጥራለን። ብዙ የቆጠረ ያሸንፋል። ስናድግ የምንማርበት ቤት እየተሠራ መሆኑን ግን አንድም ቀን አስበን አናውቅም። እዚያ የሚገቡት ከሩቅ የሚመጡ፣ ሻንጣ የሚጎትቱ፣ አማርኛቸው ከእኛ የተለየ ሰዎች ይመስሉን ነበር። እነሆ ከዓመታት በኋላ እኔም ሻንጣ እየጎተትኩ ገባሁ። ቤቴ ከዋናው በር በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆንም ሻንጣ መጎተቱ ግን አልቀረልኝም!

ስለዚህ ስለ ግቢያችን ዕድገት ስጽፍ ከውጭም ከውስጥም ያየሁትን ይዤ ነው። ሐሳቤን ቀድሜ ልናገር፦ ግቢያችን አድጓል፤ እኛ ግን ከእሱ እኩል አላደግንም። የየአገሩ ልጅ ተሰብስቦልናል፤ መሰብሰብና መገናኘት ግን ለየቅል ናቸው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት መስፋፋት የሚያስገርም ታሪክ አለው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ረጅም ዓመታት ኮሌጆች እዚህም እዚያም ቢከፈቱም በ1980ዎቹ አጋማሽ አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና አለማያ ብቻ ነበሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጅማ፣ መቀሌ፣ ባሕር ዳርና የዛሬው ሐዋሳ ተጨመሩ። ቀጥሎ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛው ትውልድ የሚባሉት 13 ዩኒቨርሲቲዎች መጡ። በ2004 ዓ.ም. የእኛው ወልቂጤ ከነወልድያ፣ ከነደብረ ታቦር፣ ከነአሶሳ፣ ከነዋቸሞ ጋር በሦስተኛው ትውልድ ተሰለፈ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ጎረቤታችን ወራቤን ጨምሮ አራተኛው ትውልድ ተከተለ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው።

የእኛም ግቢ ከምህንድስናና ኮምፒዩቲንግ እስከ እርሻ፣ ከቢዝነስ እስከ ሕግ፣ ከሕክምናና ጤና እስከ ማኅበራዊ ሳይንስ ድረስ ያስተምራል። እኛ ጋዜጠኝነት የምንማረው እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሐል ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ የተባለበትን ዘመን ያስታወሰ፣ የሠላሳው ወገን ለምን ሁልጊዜ ትንሽ ድምፅ እንዳለው ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። የገጠር ልጅ ዩኒቨርሲቲ ለማየት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አይጠበቅበትም። በጉብሬ ቤት አከራየ፣ ምግብ ቤት ከፈተ፣ ፎቶ ኮፒ ገዛ፣ ባጃጅ ነዳ የሚባለው ሰው ብዙ ነው። ይህንን የሚክድ ሰው ዓይኑን የጨፈነ ነው። ግን ዕድገት በሕንፃና በዲፓርትመንት ብዛት ብቻ ሲለካ አንድ ነገር ይረሳል፦ በውስጡ ያለው ሰው።

ስድስት አልጋ፣ ስድስት አገር

ፍሬሽ ሳለሁ ዶርማችን ስድስት ነበርን። በስማችን አንጠራራም፤ በየመጣንበት ከተማ ነው። ደሴ፣ ጅማ፣ ጂንካ፣ ሻሸመኔ፣ ኢታንግ፣ እና እኔ ጉብሬ። ሌሊት አንዱ ሲያንኮራፋ “ኧረ ደሴን ቀስቅሱልን!” ይባላል። ማን ያጠና፣ ማን መብራት ያጥፋ፣ ማን ውኃ ይቅዳ የሚለው ሁሉ የከተሞች ድርድር ነው የሚመስለው። የኢትዮጵያን ካርታ በስድስት አልጋ ላይ ዘርግቶ ማየት ማለት ይህ ነው ብዬ ለእናቴ በኩራት ነግሬያታለሁ።

እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ኩራቱ የአፍ ነበር። ካፌ ስንሄድ እኔ ከጉራጌ ልጆች ጋር፣ ጅማና ሻሸመኔ ከኦሮምኛ ተናጋሪዎች ጋር፣ ደሴ ከወሎ ልጆች ጋር፣ ጂንካም ከየአገሩ ሰው ጋር እንቀመጣለን። ኢታንግ ከጋምቤላ የመጣው ልጅ ነው። አማርኛው ገና ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ይበላ ነበር። ማንም አልከለከለውም። ማንም ግን “ና” አላለውም። አለመከልከልና መጥራት አንድ እንዳልሆኑ ያኔ አልገባኝም።

በዚያው ሴሚስተር አንትሮፖሎጂ እንወስድ ነበርና አምስት አምስት ሆናችሁ ስለ አንድ ማኅበረሰብ የምግብ ባህል ሥሩ ተባልን። እኔ የቡድን መሪ ሆንኩ። ርዕሳችን ስለ እንሰት ነበር፤ የእኔ ቤት ጓሮ እንሰት ነው፣ ቀላል ነው አልኩ። ሥራ ስናከፋፍል ለኢታንግ ምን እንስጠው ተባባልን። አማርኛው አይሆንም፣ እንግሊዝኛውም ለእኛ ይከብደናል (በእርግጥ ከእኛ የተሻለ ነበር!) ብለን “አንተ ፕሪንት ታስደርጋለህ” አልነው። እሺ አለ። እኛ አራታችን ምን ሠራን? ከጎግል ለቀምን። እናቴ በሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ እያለች፣ ስለ እንሰት ከስልኬ ላይ ገለበጥኩ። የሚያሳፍር ነው፤ ግን ያደረግነው ይህንን ነው።

የማቅረቢያው ቀን መምህሩ አንድ በአንድ የየድርሻችንን ጠየቁን። የኢታንግ ተራ ሲደርስ ቀስ ብሎ፣ “እኔ የሠራሁት ፕሪንት ማስደረግ ነው” አለ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም። ወደ እኔ ዞረው፣ “የአንትሮፖሎጂ አሳይመንት ሠርታችሁ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ምንም አልጠየቃችሁትም ማለት ነው?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከውጤቱ ይልቅ ያቺ ጥያቄ ናት እስከ ዛሬ የምታመኝ።

“ይኼ ልጅ ይጠይቃል”

የዚያን ዓመት ፋሲካ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። ኢታንግ በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱ፣ በጎሬ አድርጎ ጋምቤላ፣ ከዚያም ባሮን ይዞ ኢታንግ መድረስ ነበረበት። ለአራት ቀን ዕረፍት መንገዱ ብቻ ይበላዋል፤ ገንዘቡም የለም። ስለ አሳይመንቱ ይቅርታ መጠየቂያ ይሆነኝ ይሆናል ብዬ ቤት ይዤው ሄድኩ።

እናቴ ክትፎና አይቤ ከቆጮ ጋር አቀረበች። ኢታንግ ቆጮውን በእጁ ይዞ አገላብጦ አየና ጥያቄ ጀመረ። ይህ ከምንድን ነው የሚሠራው? ስንት ጊዜ ይቀበራል? ሲቀበር ለምን አይበላሽም? ቅጠሉን ለምን ትጠቀሙበታላችሁ? የሚፍቁት ለምን ሴቶች ብቻ ናቸው? እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ምግቡን ትታ ጓሮ ወሰደችው። እንሰቱ ለመድረስ ዓመታት እንደሚፈጅ፣ ወንዱ እንደሚተክል ሴቷ እንደምትፍቅ፣ ተፍቆ ተብላልቶ በቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ እንደሚገባ፣ ከጭማቂው ቡላ፣ ከጭረቱ ቃጫ እንደሚወጣ፣ ዝናብ በጠፋበት ዓመት እንኳ ቤተሰብ የሚያተርፍ ተክል መሆኑን እያሳየች ነገረችው። እኔ ከኋላ ቆሜ እሰማለሁ። ግማሹን እኔም የሰማሁት በዚያን ቀን ነበር! ሃያ ዓመት የበላሁትን ምግብ።

ከዚያ ተራው የእሷ ሆነ። “እናንተስ አገር ምን ትበላላችሁ ልጄ?” አለችው። የበቆሎና የማሽላ ገንፎ፣ ከባሮ ወንዝ የሚወጣ ዓሣ አላት። “ዓሣ? በየቀኑ?” ብላ አፏን ያዘች። ለእሷ ዓሣ የጾም ቀን ወሬ ነው። በአኝዋክኛ ዓሣ ምን እንደሚባል አስጠናችው፤ እሷም በጉራጊኛ እንሰትን አስጠናችው። ሲሄድ ወደ እኔ ዞር ብላ ያለችኝን ግን አልረሳውም፦ “ይኼ ልጅ ይጠይቃል፤ አንተ ግን ትበላለህ።”

እኔ ጋዜጠኛ ልሆን የምማር ሰው ነኝ። ከዚህ የበለጠ ትችት ከየትም መምህር አልሰማሁም። ብዝኃነት የሚባለው ነገር ጥቅሙ የገባኝም ያን ቀን ነው። በበዓላት ቀን የየብሔሩን ልብስ ለብሶ ፎቶ መነሳት ብቻ አይደለም። የእኔን አገር እንደ አዲስ የሚያይ ዓይን አጠገቤ ማግኘት ነው። እኔ የማልጠይቀውን የሚጠይቅ ሰው ማግኘት ነው። ለጋዜጠኝነት ተማሪ ይህ ትርፍ ነገር አይደለም፤ የሙያው ሀሁ ነው።

“ሪሚዲያል” ስድብ ነው እንዴ?

ብዝኃነት ስንል ደግሞ ብሔርና ቋንቋ ብቻ የምንቆጥር ሰዎች አለን። ሌላም አለ። እኔ ራሴ የሪሚዲያል ልጅ ነኝ። ይህንን በዚህ መጽሔት ላይ ስጽፍ አንዳንድ ጓደኞቼ “ምን ሊያደርግልህ ነው?” ብለውኛል። እኔ ግን መጻፍ አለበት እላለሁ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እኔ በተፈተንኩበት በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። እኔ ከ3.2ቱ ውስጥ አልነበርኩም። እንደ እኔ ላሉት የተሰጠው ሁለተኛ ዕድል ሪሚዲያል ነው፤ ለጥቂት ወራት ተምረን፣ ሠላሳው ከመቶ ከዩኒቨርሲቲው፣ ሰባው ከመቶ ከትምህርት ሚኒስቴር በሚመጣ ፈተና ተመዝነን አለፍን። ያላለፉም አሉ። ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጥ የነበረ ልጅ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ በር ድረስ ሸኝቼዋለሁ። ያ ቀን ከባድ ነበር።

ታዲያ ዛሬ በግቢያችን አንድ ሰው በክፍል ውስጥ ሲሳሳት “ሪሚዲያል ነህ እንዴ?” እየተባለ ይቀለድበታል። ለመሆኑ የሚያስቀው ምኑ ነው? ላቦራቶሪ በሌለበት፣ ለአንድ የሒሳብ መምህር ሦስት ክፍል በተሰጠበት ትምህርት ቤት ተምሮ የወደቀ ልጅ፣ በአራት ወር ውስጥ ራሱን አንስቶ ከሄደ እሱ ነው የሚከበረው ወይስ የሚሾፍበት?

በአሜሪካ “ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ” የሚባል ነገር አለ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ ግዛት በጆሊየት ከተማ የተከፈተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የፕሬዚዳንት ትሩማን የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን ሐሳቡን በመላ አገሪቱ እንዲስፋፋ ካበረታታ በኋላ በየከተማው በዛ። በሩ ክፍት ነው። ውጤቱ ዝቅ ያለው፣ ቀን የሚሠራው፣ ልጅ የምታሳድገው፣ ቋንቋው ገና የሆነው ስደተኛ ሁሉ ገብቶ ሁለት ዓመት ተምሮ ወይ ሙያ ይዞ ይወጣል ወይ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሻገራል። ወደዚያ የተሰደዱ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ትምህርታቸውን እንደገና የጀመሩት በእነዚህ ኮሌጆች ነው። ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ የአካባቢው ሕዝብ ኮሌጅ ነው።

እኛ አገር በዚህ ስም የሚጠራ ብዙ የለም። የወልቂጤና የቡታጅራ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች ከሥራው የተወሰነውን ይሠራሉ፤ ሪሚዲያሉም በአንድ በኩል ያንን መንፈስ ይዟል። እኔ የምለው፣ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ያንን መንፈስ ቢወስድ ክብሩ አይቀንስም ነው።

“ዩኒቨርሲቲ በጎ አድራጎት አይደለም”

እዚህ ላይ የሚከራከሩኝ ይኖራሉ። አንደኛው ክርክር፣ “ዩኒቨርሲቲ የላቀ ዕውቀት የሚፈለግበት እንጂ ሁሉን የሚያስተናግድ የቀበሌ አዳራሽ አይደለም” የሚል ነው። ተመራቂዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ከመቶ አርባ ገደማ ነበሩ። ስለዚህ ጥራት ላይ እናተኩር ይላሉ። እኔም ስለዚያ ፈተና ሌሊት እንቅልፍ የማጣ ሰው ነኝና ክርክሩ ይገባኛል። ነገር ግን ጥራት ከሕዝብ በመራቅ አይመጣም። ለማስረጃ ሩቅ አልሄድም።

ቡታጅራን እንውሰድ። በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ክፍል ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቡታጅራና በአካባቢዋ ቀበሌዎች የጤና ጥናት ጀመረ። ቤት ለቤት እየተዞረ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ በምን ሞተ እየተባለ ለረጅም ዓመታት ተመዘገበ። ከዚያ መዝገብ ስንትና ስንት የምርምር ጽሑፎችና የዶክትሬት ድግሪዎች ወጡ። ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ የሆነችው ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳይኖራት ለዩኒቨርሲቲ መምህር ሆናለች ማለት ነው። እዚሁ መንገዳችን ላይ ያለው የጅማ ዩኒቨርሲቲም፣ ገና በ1970ዎቹ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲጀመር፣ ተማሪውን ወደ ማኅበረሰቡ እየላከ በማስተማር ነው ስሙን የገነባው። ከዚያም በፊት ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም በመምህርነት። ከአጥር መውጣት በእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ክርክር ይከብዳል። “ብዝኃነት ስትል የ2012 ዓ.ም.ን ረሳህ ወይ?” ይሉኛል። አልረሳሁም። በዚያ ዓመት መጀመሪያ በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሱ ግጭቶች ተማሪዎች ሞተዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። እኔ ያኔ የመለስተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ ግን የእናቶችን ጭንቀት ሠፈራችን ውስጥ አይቻለሁ። “ልጄን ሩቅ አልልክም” የሚል ወላጅን የምወቅስበት አንደበት የለኝም። እኔ ራሴ ምርጫ ስሞላ የቤቴን ግቢ ነው አንደኛ ያደረግሁት! ከኢታንግ እስከ ጉብሬ የመጣው ልጅ ከእኔ የበለጠ ደፋር ነው።

ግን እስቲ እናስብበት። ግጭት የሚነሳው ሰዎች አብረው ስለሚኖሩ ነው ወይስ አብረው እየኖሩ ስለማይተዋወቁ? እንደ እኔ እንደ እኔ ሁለተኛው ነው። ካፌ ውስጥ ለየብቻ የሚቀመጡ ሰዎች፣ አንድ ቀን ወሬ ሲነዛ፣ ሄደው “እውነት ነው ወይ?” ብለው የሚጠይቁት ሰው በሌላው ጠረጴዛ ላይ የላቸውም። የማታውቀውን ሰው ለመጠርጠር ብዙ ማስረጃ አያስፈልግም።

ምን እናድርግ?

የጉራጌ መንደር የሄደ ሰው ጀፎረን ያውቃል። ቤቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው መሐሉ ሰፊ፣ ሣር የለበሰ የጋራ ሜዳ ነው። ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ የልጆች ጨዋታውም፣ የሽማግሌዎች ሸንጎውም እዚያ ነው። ማንም ወደ ጀፎረው ገፍቶ አያጥርም፤ ባህሉ ይከለክለዋል። አጥር የየቤቱ ነው፤ ጀፎረው የሁሉም። ግቢያችን አጥር ያስፈልገዋል፤ ለደኅንነት ነው፣ አልቃወምም። ግን ጀፎረም ያስፈልገዋል። ይህንን ለመሥራት ትልቅ በጀት አያስፈልግም። የሚከተሉትን ለዲፓርትመንታችንና ለእኛ ለተማሪዎች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የቡድን ሥራ ሲሰጥ ቡድኑን መምህሮቻችን ይመድቡልን። “ራሳችሁ ተመዳደቡ” ስንባል ሁልጊዜ የአገራችንን ልጅ ነው የምንፈልገው። ሲመደብልን መጀመሪያ እናጉረመርማለን፤ በኋላ እናመሰግናለን። ድርሻችንም አንድ በአንድ ይጠየቅ፤ “ፕሪንት አስደራጊ” የሚባል ድርሻ ይቅር።

ሁለተኛ፣ የዜና አጻጻፍ ልምምዳችን ከኢንተርኔት የተለቀመ አይሁን። ጉብሬ ገበያ አለ፣ ወልቂጤ መናኸሪያ አለ፣ እምድብር አለ፣ አጣጥ ሆስፒታል አለ። ሁለት ሁለት ሆነን፣ አንዱ የአካባቢው ልጅ አንዱ ከሩቅ የመጣ ሆነን እንውጣ። የአካባቢው ልጅ ቋንቋውን ያውቃል፤ ከሩቅ የመጣው ጥያቄውን ያመጣል። የተሠራውም ዜና በዚህ መጽሔት ብቻ ሳይሆን በከተማው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም ይለጠፍ። የተጻፈበት ሰው ያንብበው፤ ከተሳሳትንም ያርመን። ከዚያ የበለጠ ኤዲተር የለም።

ሦስተኛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን እናስጠና። በተለይ እኛ የሪሚዲያል ልጆች። ወድቆ የተነሳ ሰው መንገዱ የት ላይ እንደሚያዳልጥ ያውቃል። እኔ እንግሊዝኛ ላስጠና ስሜን አስመዝግቡ፤ ሒሳብ ግን ሌላ ሰው ፈልጉ!

አራተኛ፣ በዓመት አንድ ቀን የከተማው ሰው ተጋብዞ ይግባ። እናቴ ይህንን ግቢ ለዓመታት በበሩ በኩል ስታልፍ ኖራለች፤ ውስጡን ግን አይታው አታውቅም። ማንም አልከለከላትም፤ የሚያስገባት ጉዳይ ስለሌላት ነው። ላይብረሪውን አሳይተናት፣ ስለ እንሰት ለእርሻ ተማሪዎች አንድ ሰዓት ብታስተምር ማን ይከስራል?

ይህ ሁሉ የማይሆን ሕልም የሚመስለው ካለ ይህን ያስታውስ። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ድርጅት መሥርተው፣ ነጋዴውም የቀን ሠራተኛውም ከኪሱ እያዋጣ ወደ ገጠሩ መንገድ አስገብተዋል። መንግሥት እስኪሠራላቸው አልጠበቁም። እነሱ መንገድ በገንዘባቸው ከሠሩ፣ እኛ በተሠራው መንገድ ላይ መቶ ሜትር ወጥተን ሰው ማነጋገር እንዴት ያቅተናል?

ኢታንግ ዛሬ የእርሻ ኮሌጅ ተማሪ ነው። ዶርማችን ተለያይቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አልፎ አልፎ እናቴ ጋ ይሄዳል፤ አንዳንዴ እኔ ሳልኖር ጭምር። ስለ እንሰት በሽታ የመመረቂያ ጥናት ለመሥራት አስቧል። ባለፈው ሳምንት ካፌ ውስጥ አንድ የጉራጌ ልጅ ጓደኛዬ እንሰት ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ሲሳሳት፣ ኢታንግ ነው ያረመው። በአማርኛ። ሁላችንም ሳቅን፤ በዚህኛው ሳቅ ግን እሱም አብሮን ነበር።

ውድ አንባብያን፣ የግቢያችንን ዕድገት በሚቀጥለው ጊዜ ስትቆጥሩ ሕንፃውን ቆጥራችሁ ስትጨርሱ አንድ ነገር ጨምሩበት። በዚህ ሳምንት ከአገራችሁ ልጅ ውጭ ከስንት ሰው ጋር ምሳ በላችሁ? ስንት ጥያቄስ ጠየቃችሁ? የእኔ ቁጥር ገና ትንሽ ነው። እያሳደግሁት ነው።